ሠላሳ አራት ጣት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

እንደ ሌላው ቀን ነበር። አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ ጠገንን። ከአሥራ አንዱ አንዱ ብቻ ትንሽ... እንዴት ልበለው... ተሻሽሎ ወጣ።

የሳሙና ፋብሪካው ካቦ ሶል ሊያስቀይር አምጥቶት የነበረው ነው። ቀየርኩለት። አሳምሬ ነው የቀየርኩለት፣ ማንም ይመስክር። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ከገበሩ ስር አንዲት ደረቅ የቆዳ ቁራጭ ሸጎጠ። አሁን ካቦው ሲራመድ ጫማው «ጢጥ... ጢጥ...» ይላል። ከማዶ ይሰማል። የተኛ ሠራተኛ ይነቃል፣ የሚያወራ ዝም ይላል፣ ካቦው ሲደርስ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ካቦው ደስ ይለዋል፣ ሠራተኛውም ደስ ይለዋል። ከዚህ በላይ ጽድቅ አለ?

ጋሽ መዶሻ ጠረጠረ። አሠሪዬ ነው፣ ጫማ ጥገናው የሱ ነው፣ ስሙን ያወጣሁለት ግን እኔ ነኝ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም።»

«አንቺ ምንም ስትይ ነው እኔን ብርድ ብርድ የሚለኝ» አለ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

እህቴ አበደች።

ራት ላይ ነው። እማዬ ሾርባ ትቀዳለች፣ እኔ ትልቁን የዳቦ ቁራጭ በዓይኔ ይዤዋለሁ... እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ስትል ስለምትውል ወሬዋም እንደ ክኒን የተቆጠረ ነው። ጉሮሮዋን ከጠረገች ግን ነገር አለ።

«ለወጣቶች ተወካይነት ልወዳደር ተመዝግቤያለሁ።»

እማዬ ጭልፋዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። «ከማን ጋር?»

«ከወጣቱ ጋር ነዋ።»

ወጣቱ ማለት ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። በሰፈሩ ምክር ቤት ውስጥ ለወጣቶች የተሰጠች አንዲት ወንበር አለች፤ እሷ ላይ ከተቀመጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እኔ ስወለድ ወጣት ነበር። አሁን እኔ ወጣት ሆኜ እሱም ወጣት ነው። የልጅ ልጅ አለው። ምን እንደሚበላ ይጠየቅልን።

ተወዶ አይደለም የማይነቃነቀው፣ ደንቡ ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ሁሉ መምረጥ ይችላል፣ ግን ቢያንስ ስልሳ ሰው ካልመጣ ምርጫው እንዳልተካሄደ ይቆጠርና የነበረው ሰው ይቀጥላል። ስልሳ ሰው መጥቶ አያውቅም። ባለፈው ሃያ ሁለት ነው የመጣው፣ ከነሱም አንዱ መንገድ ጠፍቶት ነበር ይባላል።

የወጣቶች አዳራሽ ቁልፍ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። የሕንፃ ዕቃ መደብር ስላለው አዳራሹን በሲሚንቶ ሞልቶታል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ እዚያ ውስጥ ከሥራ መልስ ትምህርት ይጀመራል ብለውን ነበር። ሲሚንቶው ሳይማር አልቀረም። እኔ አልተማርኩም።

«አንቺስ ትመርጪኛለሽ?» አለችኝ።

«ማመልከቻዎን ያስገቡና እናየዋለን፣ ክብርት።»

በማንኪያ መታችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ክብርት ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ክብርት ንግግር ትለማመዳለች። መስታወት ፊት ቆማ «ውድ ወጣቶች...» ትላለች። ቀድሜ ቁምሳጥኑ ውስጥ ገብቼ ጠበቅኋት። «ውድ ወጣቶች፣ ችግራችሁ ምንድነው?» ስትል ከውስጥ «አየር አጠረን» አልኩ። ጫማ ወረወረች። ጥሩ ጫማ ነው፣ ተረከዙን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ወረቀት ስታድል ነበር። የኛ ሱቅ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉን አየሁ። ማንም አልቆመላትም። አንዱ ተቀብሎ አፍንጫውን ጠረገበት፣ አንዱ ሳሙና ጠቀለለበት። እኔም ሳቅኩ... አዎ ሳቅኩ፣ ለራሴ ምን ልዋሽ።

ቤት ስገባ መሬት የተጣሉትን ሁሉ ሰብስባ ጠረጴዛ ላይ ቆልላቸዋለች። የተጨማደደውን አንድ በአንድ በካውያ ትተኩሳለች። ነገ መልሳ ልታድላቸው።

አላሾፍኩም። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

በረኛው መጣ። ሳሙና አሻጊ ነው፣ ለፋብሪካው ቡድን በር ስለሚጠብቅ ነው እንደዚያ የሚባለው። ኳስ ይዞ ግን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከመረቡ ውስጥ ሲያወጣ ነው የማየው። ጫማውን እያሰፋ ወሬ ጀመረ።

ፋብሪካው ማስታወቂያ ለጥፏል። ምርጫው ቅዳሜና እሑድ ነው። ቅዳሜ ሥራ አለ፤ ነገር ግን በአራት ሰዓቱ እረፍት ወጥቶ መርጦ፣ የምርጫ ቀለም የተቀባ የግራ አውራ ጣት ለካቦው ላሳየ ሰው ከሰዓት በኋላ እረፍት ይሰጠዋል።

«ታዲያ ምረጣ» አልኩት።

«ምርጫ ጣቢያው ዳገቱ አናት ላይ ነው፣ ቁንጫ።» (ቁንጫ እኔ ነኝ። እኔ ለሰው ስም ሳወጣ ሰውም ዝም አላለኝም።) «ያንን ሁሉ ወጥቼ ለማላውቀው ነገር ወረቀት ከምጥል እዚሁ ሳሙና ባሽግ ይሻለኛል።»

ስፌቴን ቀጠልኩ። ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ «ለመሆኑ የምርጫ ቀለም ምንድነው?» አለ።

«ቀለም ነዋ።»

የኔም የሱም ዓይን መደርደሪያው ላይ ሄዶ አረፈ። የቆዳ ቀለሙ ተደርድሯል... ጥቁር፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ...

ክብርትስ? ስልሳ ሰው ትፈልጋለች። ግን እነዚህ የፋብሪካ ልጆች እንደሆኑ አይመርጡም። ብቀባቸውም ባልቀባቸውም ዳገቱን አይወጡም። ያልነበረ ነገር ይጎድላል? አይጎድልም። አይደል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ቀለም ስቀምም ሰነበትኩ። ጥቁሩ ብቻውን አይሆንም፣ የጫማ ይመስላል። ሰማያዊ ጠብ ሲደረግበት ግን ምርጫ ቦርድ የላከው ነው የሚመስለው።

የምሞክርበት ጣት ጠፋ። ጋሽ መዶሻ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፣ ግራ እጁ ተንጠልጥሏል... ቀባሁት። ነቃና አውራ ጣቱን ረጅም ሰዓት አየው።

«መረጥኩ እንዴ?» አለ።

«ከነገ ወዲያ ነው ምርጫው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ቀድመው ነው የመረጡት። ዕድሜ ነው።»

በሳሙና አሸው፣ በአሸዋ አሸው፣ በቤንዚን አሸው። ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ቀለም ቆዳው ካላለቀ አይለቅም፣ አንቺ የተረገምሽ» አለኝ።

ኮራሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት ጣት ቀባሁ። ጋሽ መዶሻ ቆዳ ሊገዛ ሄዶ ነበር፣ ሱቁ የኔ ነበር። በአራት ሰዓት እየተጋፉ ገቡ። ክፍያ የለም፤ ቃለ መሐላ ግን አለ። ሊጠገን ከመጣው አንድ ጫማ ያነሳል፣ ጭንቅላቱ ላይ ይጭናል፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ «እኔ ዳገት የሰለቸኝ ዜጋ፣ ሳልመርጥ መርጫለሁ፣ ጫማው ይመስክር» ይላል። ከዚያ ጣቱን ነከር። አንዷ ልጅ ስትስቅ ጫማው ወድቆ ቀለሙን ሊደፋው ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ካቦው አንድ በአንድ ጣታቸውን አይቶ ለቀቃቸው። ኳስ ሜዳ ወረዱ።

የቀረውን ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሳቁ አልቋል።

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሁሉም። አልሳቁም። በረኛው ነው ያወራው። ሲጫወቱ የጭነት መኪና ሜዳው መሃል ገባ፣ ብሎኬት ጭኗል፣ ወጣቱ ከፊት ተቀምጧል። ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ባዶ ነው ብሎ ነው የመጣው፤ እነሱ በዚያ ሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ነዋ የሚሆኑት። በኔ ቀለም ምክንያት ነው ያገኛቸው።

«ምንድነው ይሄ?» አሉት።

«አዳራሹ ሞላብኝ፣ ልጆቼ። ሜዳውን ላጥረው ነው። ምክር ቤቱም ፈቅዷል።»

«እኛስ? ማን ጠየቀን?»

«ተወካያችሁ ተስማምቷል» አለ። «ፊርማው አለ።»

«ተወካያችን ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

በረኛው ይሄን ሲነግረኝ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይታይ ነበር። «አለቀ» አለ። «ነገ እንወጣለን። ዳገትም ይሁን ተራራ። ሁላችንም እህትሽን ነው የምንመርጠው።» ሌሎቹም «አዎ» አሉ። አንዷ ልጅ እጇን ጨብጣ አወጣች፣ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ...

ከዚያ ጣቷን አየችው።

ሁላችንም ጣቷን አየነው።

ቀለም የነካው ጣት ደግሞ አይመርጥም። ሕፃንም የሚያውቀው ነው።

«ቁንጫ» አለ በረኛው ቀስ ብሎ። «ይሄ ይለቃል፣ አይደል?»

በሎሚ ሞከርን። በአመድ። በበረኪና። አንዱ በአሸዋ ወረቀት ሲፈትግ ደማ። «ሳሙና ፋብሪካ እየሠራችሁ አንድ ጣት ማስለቀቅ ያቅታችሁ?» አልኩ... ማንም አልሳቀም። እኔም ለምን እንዳልኩት አላውቅም። አፌ ልማዱ ነው።

ቅዳሜ፣ ከራት በፊት

ለክብርት ነገርኳት። እግሯን በሞቀ ውኃ ነክራ ተቀምጣ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ለቤት ስትዞር ውላ። ፊቷ በርቷል። «ዛሬ ሃያ ስምንት ሰው መርጧል» አለችኝ። «በአንድ ቀን ሃያ ስምንት። ነገ ሠላሳ ሁለት ብቻ ነው የሚጎድለኝ።»

ሠላሳ ሁለት... እኔ ሠላሳ አራት ጣት ይዣለሁ።

ስጨርስላት ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ሄደሽ ለአስመራጯ ትነግሪያታለሽ።»

«አስመራጯ እኮ ቀይ እስክሪብቶ ናት።» የስምንተኛ ክፍል መምህሬ ማለቴ ነው። ወንበሯ ላይ ማስቲሽ የቀባሁባት። «ታባርረኛለች።»

«ድሮም አባርራሻለች። ለምደሽዋል» አለችና እግሯን አደራረቀች።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ሦስት ሰዓት ላይ ዳገቱን ወጣን። ሠላሳ አንዱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ... ለማምለጥ እንዲመቸኝ። ሦስቱ ቀሩ፣ ካቦውን ፈርተው። ልክ ናቸው። ዛሬ መምረጥ ማለት «ትናንት ዋሽቼ እረፍት ወስጃለሁ» ማለት ነው፤ ወሬው ከኛ ቀድሞ ካቦው ጆሮ ይደርሳል። ሠላሳ አንዱ ይሄን አውቀው ነው የመጡት።

ቀይ እስክሪብቶ በመነጽሯ ላይ አሻግራ ጣታቸውን አየች።

«እናንተ መርጣችኋል።»

«አልመረጥንም፣ ቲቸር።»

«ጣታችሁ መርጧል።»

የወጣቱ ታዛቢ አማቹ ነው፣ የልጁ ባል። ከወንበሩ ተነሳ። «መመሪያው ግልጽ ነው። ቀለም ያለበት ይመለስ።»

ያኔ ከኋላ ገፉኝ። ማን እንደገፋኝ አላየሁም፣ ብዙ እጅ ነበር። ፊቷ ቆምኩ።

«አንቺ ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ሁሉን ነገርኳት። ቀለሙን፣ ጫማውን፣ ቃለ መሐላውን። አንዴም አላቋረጠችኝም። የኛን መዝገብ ገለጠች፣ ከዳገቱ ማዶ ያለውን የሌላውን ጣቢያ መዝገብ አስመጣች፣ ምክንያቱም ሰው ከሁለቱ በአንዱ መምረጥ ይችላል። ሠላሳ አንዱም የትም አልፈረሙም። ከዚያ መመሪያውን አወጣችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የጣት ምልክት ከሌላ ነገር የመጣ ከሆነ፣ ያደረገው ሰው ለእያንዳንዱ መራጭ በእጁ ጽፎ ይፈርማል። ያደረገው ሰው ደግሞ በዚያ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም።

«አንቺ መርጠሻል?»

«አይ። ዛሬ ልመርጥ ነበር።»

«ለማን እንደሆነ አትንገሪኝ።»

«ለእህቴ።»

«አትንገሪኝ አልኩሽ።» ወረቀት ገፋችልኝ። ጥቅል ሙሉ። «ትጽፊያለሽ ወይስ ትመርጫለሽ?»

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? እስከዛሬ ድምፅ የሚባል ነገር እንዳለኝ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ልትወስደው ስትል ግን... አልሰጥም አልሰጥም አለኝ። ለካ የራሴ ነው። ብዕሩን አነሳሁ።

ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከዚህ ደብተር ሌላ የጻፍኩት የጫማ ቁጥር ብቻ ነው። ግን አንዴ ስጀምር እጄ አልቆም አለ። «እኔ የበረኛውን ግራ አውራ ጣት ቀብቻለሁ። ከአራት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ጭንቅላቱ ላይ የጫነው ቀይ የሴት ጫማ ነው፣ ተረከዙ የተሰበረ፣ ባለቤቷ ማክሰኞ ትወስደዋለች። ጣቱን ስነክረው ዓይኑን ጨፈነ፣ መርፌ መስሎት...» አንዱን ስጨርስ አንዱ ይገባል። ሌሎቹ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ፀሐይ ናት። ማንም አልሄደም። ሥራ አታውቅም እባላለሁ እኔ፤ ሦስት ጣቴ ውኃ ቋጠረ።

ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻዋ ገባች። በአሥራ አንድ ሳጥኑ ታሸገ። ሁሉም መርጦ ወጣ። እኔ በረንዳው ላይ ቀለም ያልነካው ጣቴን ይዤ ቆምኩ።

ቆጠራ። ቅዳሜ ሃያ ስምንት። ዛሬ ሌላ ሁለት ሰው። የኔ ሠላሳ አንድ። ስልሳ አንድ ሰው መጣ ማለት ነው። ለክብርት ሠላሳ ስምንት፣ ለወጣቱ ሃያ ሁለት፣ አንድ የተበላሸ። አንዱ ወረቀቱ ላይ ጫማ ስሎበታል። ማን እንደሆነ ባውቅ እስመው ነበር፣ ከዚያ በጥፊ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ወጣቱ አቤቱታ አስገባ። ሠላሳ አንዱ ወረቀት ውሸት ነው፣ እህትማማቾቹ ተማክረው ያደረጉት ነው ይላል። ሁለቱ ብቻ ውሸት ሆነው ቢገኙ ሃምሳ ዘጠኝ ይቀራል፣ እሱም ሃያኛ ዓመቱን ይጀምራል። ሐሙስ የምክር ቤቱ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ይሰማል።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ክብርት ነው። «አጭበረበረች» አሉ አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አይጧ እኔ ነኝ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ዳቦ እበላለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ክብርት አታናግረኝም። «ጨው አቀብይኝ» እንኳ በእማዬ በኩል ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጠረጴዛ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ወጣቱ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፣ ጸጉሩ በጣም ጥቁር ነው... ጥቁረቱን አውቀዋለሁ፣ ከኛ ሱቅ ነው የገዛው። አፌን ያዝኩ። ዛሬ እንኳ ያዝኩት።

«ይህች ልጅ ሥራዋ ማሾፍ ነው» አለ። «የሷን ቃል አምናችሁ ወንበር ልትሰጡ ነው?»

እውነቱን ነው። ይሄ ነው ያመመኝ። እኔን ብትጠይቁኝ እኔም አላምነኝም።

ሰብሳቢው ከወረቀቶቹ አንዱን መዘዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የበረኛው ነበር። ከዚያ በረኛውን ከውጭ አስጠራው። እኔ አፌን እንዳልከፍት ታዘዝኩ።

«ቅዳሜ ጭንቅላትህ ላይ ምን ነበር?»

በረኛው ቀላ። «ጫማ።»

«ምን ዓይነት?»

«የሴት።» አንገቱን ደፋ። «ቀይ። ተረከዙ የተሰበረ።»

«ዓይንህንስ?»

«...ጨፍኜ ነበር።»

ሌላ መዘዘ። የዚያች የሳቀችው ልጅ። የልጅ ጫማ፣ ሰማያዊ፣ ክር የሌለው። እሷም ያንኑ አለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ... ሰባተኛው ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሀረቡን አፉ ላይ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ይሄ ምርጫ ነው ቀልድ?» አለ ወጣቱ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቀመጥ እኮ አልጠየቅኸንም» አለው ሰብሳቢው።

ያኔ ቀይ እስክሪብቶ ተነሳች። ይሄን ቃል በቃል ነው የምጽፈው።

«ይህችን ልጅ አስተምሬያታለሁ። አባርሬያታለሁም። ብዙ ወረቀት ጽፋልኛለች። ስትዋሽ አጭር ነው የምትጽፈው። 'አሞኝ ነበር።' 'ጠፋብኝ።' 'አላየሁም።' ከአንድ መስመር በልጦ አያውቅም። ይሄ ግን...» ጥቅሉን በእጇ መዘነችው። «ይሄ ሠላሳ አንድ ገጽ ከነጀርባው ነው።»

አቤቱታው ወደቀ።

ስንመለስ ክብርት ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ጥግ ላይ ስንደርስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልታለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ዞር አለች።

«መርፌ መስሎት?» አለች።

ከዚያ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። መድኃኒት ቤት የምታውቃት ሴትዮ አልፋ፣ ተመልሳ «ደህና ነሽ ወይ?» አለቻት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ...»

«አላደርግም።»

«አጭር መለስሽ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ካቦው ሠላሳ አራቱንም ከሰዓት በኋላ አስገባቸው፣ የባለፈውን ሳምንት እዳ። ያልመረጡት ሦስቱም አልቀረላቸውም፣ ጣታቸው ጥቁር ነው፣ መዝገቡ ላይ ግን ፊርማቸው የለም። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሲገቡ ሳይ በረኛው «ነይ እንጂ፣ ምን ታያለሽ?» አለኝ። ጋሽ መዶሻን አየሁት። ጥቁር አውራ ጣቱን ወደ ፋብሪካው ቀሰረ። ሂጂ ማለቱ ነው።

ስድስት መቶ ሳሙና ጠቀለልኩ። የኔ እጅ ነጣ። የነሱ ጣት አሁንም ጥቁር ነው። ማንም አላሾፈብኝም ብል ውሸት ነው፤ እስከ ማታ ስሜ «አስመራጭ» ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አዳራሹ ተከፈተ። የመጀመሪያው ስብሰባ፣ ለዛሬ ብቻ ማታ አንድ ሰዓት ላይ። የኳስ ሜዳው ብሎኬትም ተነስቷል። ሲሚንቶው ወጥቷል፣ ብናኙ ግን አልወጣም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቂጡ ነጭ ሆኖ ነው የሚነሳው። ስድስት ኮምፒውተሮች ተገኙ፣ ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም። ክብርት ከፊት ተቀምጣለች፣ አጠገቧ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሃምሳ ሰው ይሆናል የመጣው።

ክብርት ዕቅዱን አነበበች። የኮምፒውተር ትምህርት፣ የንባብ ክፍል፣ ትምህርት ያቋረጡ ሰዎች የሚማሩበት ክፍል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ዓይኔ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሄደ። «አዳራሹ ክፍት የሚሆነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ጥያቄ ያለው?» አለች።

እጄን አወጣሁ።

ገና ሳልናገር ነው የሳቁት። በረኛው ጭራሽ «ጫማ አምጡላት» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አልፈርድባቸውም፣ እኔ ብሆንም እስቅ ነበር። የሚያስቅ ነገር ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር፣ ጥሩ ነገር... እዚህ እንኳ አልጽፈውም። ዋጥኩት። እጄን ሳላወርድ ጠበቅኳቸው። መጀመሪያ የፊተኞቹ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ የኋለኞቹ።

«ፋብሪካው የሚለቀው በአሥራ አንድ ተኩል ነው» አልኩ። «አዳራሹ የሚዘጋው በአሥራ አንድ። እዚህ ካለነው ማን ነው የሚማርበት?»

ከኋላ አንዱ «እውነቷን እኮ ነው» አለ። በረኛው ዞሮ የበሩን ወረቀት አነበበ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ጸሐፊው ክብርትን አያት፤ ክብርት «ይጻፍ» አለችው። ጻፈው። የኔን ጥያቄ። እኔ ያልኩትን ነገር ሌላ ሰው ሲጽፈው አየሁ።

ከዚያ እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። «እናየዋለን።»

እናየዋለን... ወንበሩ ላይ ገና በሦስት ሳምንቷ።

አልተቀመጥኩም።

«መቼ?» አልኳት።

ማንም አልሳቀም።